ድምፅ የሌለው ዙር

ሰውየው ጠረጴዛው ሥር በግንባሩ ተደፍቷል። የራስ ቅሉ ከኋላ በኩል ሦስት ቦታ ተበርቅሷል፤ ደሙ ግድግዳውን፣ መጋረጃውንና የቴሌቪዥኑን መስታወት ሳይቀር ረጭቶታል። ከአጠገቡ ከቁርጥራጭ ብረት የተበየደ፣ ስምንት ኪሎ የሚመዝን ባለ ክንፍ ሮቦት ወድቋል። በአንደኛው ክንፍ ጫፍ ላይ ፀጉር ተጣብቋል። ኢንስፔክተሯ ይህን ሁሉ በሩ ላይ ቆማ አየችና «ውይ፣ ልጄን!» አለች ለራሷ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሬሳ ስታይ ኖራ አፏ ዛሬም ይህን ቃል አልተወም።

ባልደረቦቿ ከጀርባዋ «ሚስማር» ይሏታል። አንዴ ከገባች በጉጠት ካልሆነ አትወጣም ሲሉ ነው። እሷም ታውቃለች፤ ቅር አይላትም።

«እትዬ፣ ነገሩ ያለቀለት ነው» አለ ሳጅኑ። «ገዳዩ እጅ ከፍንጅ ተይዟል። ታናሽ ወንድሙ ነው፣ በያጅ። ብረቱን የሠራውም ራሱ ነው። ዘጠኝ ተኩል ላይ ሬሳውን ታቅፎ ሲጮህ ጎረቤት ደረሰበት።»

«ታቅፎ ነው እየመታ?»

«ታቅፎ።»

«ታዲያ እጅ ከፍንጅ የምትለኝ የቱን እጅ ነው?»

ወንድምየው ደረጃው ላይ በካቴና ታስሮ ተቀምጧል። ጎረቤቶች ፖሊስ እስኪደርስ ቀጥቅጠውታል፤ ከንፈሩ ተሰንጥቋል፣ አንድ ዐይኑ ተከድኗል፣ ከአፉ የሚወርደው ደም ከወንድሙ ደም ጋር ሸሚዙ ላይ ተቀላቅሏል። ከታች መንገዱ ላይ «አውጡልን!» የሚል ጩኸት ይሰማል። በዚህ ሁኔታ ቢያወርዱት መኪናው ጋ በሕይወት መድረሱ ያጠራጥራል፤ ቢደርስም መዝገቡ በስሙ ተዘግቶ ይቀራል።

«እናቴ ሰምታለች?» አላት በያጁ።

«አልሰማችም።»

«ያላት ሁለት ልጅ ነው። በእናትዎ ይዤዎታለሁ፣ እኔን ገዳይ ነው ብለው እንዳይነግሩብኝ።»

«የት ነበርክ?» አለችው።

«ቀለም ልገዛ። ከስምንት ተኩል እስከ ዘጠኝ ከሩብ ሱቅ ውስጥ ነበርኩ።»

«ጠይቀናል፣ እውነቱን ነው» አለ ሳጅኑ። «ግን አይጠቅመውም። ሟቹ ዘጠኝ ከአስር ላይ በሕይወት ነበር። ያየው ሰው አለ።»

ቢሮው ሦስት ክፍል ነው። የሚሠራበትም ሥራ አንድ ነው፦ አኒሜ የሚባሉትን የጃፓን ካርቱን ተከታታዮች፣ በተለይ ሰው ውስጣቸው ገብቶ የሚነዳቸው ግዙፍ ሮቦቶች የሚፋለሙባቸውን፣ አይቶ መገምገም። ሟቹ ያያል፣ ይጽፋል፤ በዚህም የተነሳ «ሚዛን» ይሉት ነበር። ጽሑፉን ካሜራ ፊት የሚያነበው ድምፀ መልካሙ «መረዋ» ነው፤ ተመልካች የሚያውቀው እሱን ብቻ ነው። ቪዲዮውን የምታቀናብር አንዲት ሴት አለች። በያጁ ደግሞ ለመድረኩ የብረት ሮቦቶች ይሠራል። የውጭውን በር ቁልፍ የያዙት እነዚህ አራቱ ብቻ ናቸው፤ ቁልፉም አልተሰበረም።

ሚስማር መጀመሪያ አቀናባሪዋ ዘንድ ገባች። ክፍሏ ከሟቹ ክፍል ጋር በአንድ ግድግዳ ይዋሰናል። ቀኝ ክንዷ ከሁለት ሳምንት በፊት ተሰብሮ እስከ ትከሻዋ በጀሶ ታስሯል፤ በግራ እጇ ነው የምትሠራው።

«ምን ሰማሽ?»

«ከምሳ በኋላ ጭጭ ያለ ነበር። ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድንገት ግድግዳው ተናወጠ። ፍንዳታ፣ የብረት ግጭት! በያጁ እስኪጮህ ድረስ አላቋረጠም፤ ሲያልቅ ራሱ እንደገና ይጀምራላ።»

«የመጀመሪያውን ድምፅ ታስታውሺዋለሽ? ሙዚቃ ነው?»

«አይ፣ የሴት ልጅ ጩኸት ነው። ‹ወንድሜ!› የሚል። ደንግጬ ሻዬን ደፋሁት፤ ሰዓቴን ያየሁትም ያኔ ነው።»

«ገብተሽ ዝቅ አድርገው አላልሽውም?»

«ሥራ ላይ ሲሆን ማን ደፍሮ? ደግሞ የለመድነው ነው። ሕንጻው ሁሉ ይራገመዋል እኮ።» ይህን ብላ ከንፈሯን ነከሰች። «ይራገመው ነበር» ስትል አረመች፤ እንባዋ ጀሶው ላይ ጠብ አለ።

መረዋን ቀረጻ ክፍል ውስጥ፣ መድረኩን ለማሳመር ከቆመው የቆርቆሮ ሮቦት አጠገብ ተቀምጦ አገኘችው። ሸሚዙ አሁን ከካውያ የወጣ ይመስላል። ያለቅሳል፤ ድምፁ ሲያለቅስ እንኳ ያምራል።

«እንደ ወንድሜ ነበር» አላት። «ዘጠኝ ከአስር ላይ ልወጣ ስል በሩን ገርበብ አድርጌ ተሰናበትኩት። ድምፁን ለጥጦ ፍልሚያውን ያያል። እጁን አነሳልኝ። ከዚያ ታች ካፌ ወረድኩ፤ አስተናጋጇን ይጠይቋት።»

«ሲያይ ይጽፍ ነበር?»

«አዎ፣ እያየ ይጽፋል። ሁሌም እንደዚያ ነው።»

«ተከታታዩን አንተስ አይተኸዋል?»

ፈገግ አለ። «እኔ ምን በወጣኝ! ሃያ አራት ክፍል? እሱ ያያል፣ እኔ እናገራለሁ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መናገር አልነበረብኝም፣ ግን ትናንት ከወንድሙ ጋር ክፉኛ ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ።»

ሚስማር ወደ ሬሳው ክፍል ተመለሰች። ጠረጴዛው ላይ ወፍራም ደብተር ተዘርግቷል። ለእያንዳንዱ ክፍል ሦስት ዓምድ ተሰምሯል፦ ፍልሚያ፣ ገጸ ባሕርይ፣ ታሪክ። ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አነበበች። «ፍልሚያ፦ ማን ማንን እንደመታ አይጠፋም። የብረቱ ክብደት ይሰማል። ነጥብ፦ ከአስር ዘጠኝ።» «ገጸ ባሕርይ፦ ልጅቷ ስትፈራ እኔም ፈራሁ። ጄኔራሉ ግን የሚናገረው ለጠላቱ ሳይሆን ለእኛ ነው፤ አልወደድኩትም።» «ታሪክ፦ ሕዝቡ ለብረቱ ያጨበጭባል። ውስጡ የሚደማውን አብራሪ የሚያውቀው የለም። አብራሪው መቼ ነው የሚወርደው?» ሮቦትና ሚስማር ተዋውቀው አያውቁም፤ ይህን መስመር ግን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

ሃያ ሦስቱ ክፍሎች ሦስቱም ዓምድ ሞልቶላቸዋል። የመጨረሻው፣ የሃያ አራተኛው፣ ግን ፍልሚያው ብቻ ነው የተጻፈበት፤ እሱም በዐረፍተ ነገር መሃል ይቆማል። «አስራ አራተኛ ደቂቃ፦ ምቱ ከኋላ ነው የመጣው። ተመልካቹ ያያል፤ አብራሪው ግን» ይላል። ከዚያ ወዲያ ብዕሩ ወረቀቱን ቀዶ ወደ ታች ሄዷል።

ሚስማር ጎንበስ ብላ የድምፅ ማጉያውን ገመድ ተከተለች። ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ተሰክቷል። ጓንቷን አድርጋ መሰኪያውን ቀስ ብላ ነቀለችውና ለረጅም ጊዜ አየችው። ሳጅኑን ጠርታ አሳየችው፤ እሱም አፉን በእጁ ያዘ።

ደረጃው ላይ ተመልሳ ከበያጁ አጠገብ እንደ እኩያ ተቀመጠች። «ልጄ፣ ወንድምህ አንድ ክፍል ስንት ጊዜ ነበር የሚያየው?»

«ሦስት ጊዜ። ከልጅነታችን ጀምሮ እንደዚያው ነው። መጀመሪያ የድምፅ ማጉያውን ነቅሎ ዝም ብሎ ያየዋል። ‹ጩኸት መጥፎ ፍልሚያን ይደብቃል› ይላል። ሁለተኛ ዐይኑን ጨፍኖ ይሰማዋል፤ ሰዎቹ ሰው መሆናቸው በድምፃቸው ይለያል ይላል። ሦስተኛ ሙሉውን፣ ለታሪኩ። አንዱን ዓምድ ሳይጨርስ ወደ ሌላው አያልፍም።»

«ትናንት በምን ተጨቃጨቃችሁ?»

በያጁ አቀረቀረ። «ይንተባተብ ነበር። እንዳይሳቅበት ብሎ ነው ለሌላ ሰው የሚጽፈው። ትናንት ‹በራሴ አፍ አነበዋለሁ› አለኝ፣ ደስ ብሎኝ ጮህኩ። ‹ለመረዋ አስቀድሜ ካልነገርኩት› አለኝ፤ እኔ ደግሞ ‹አትንገረው› አልኩት። ጭቅጭቁ ይኸው ነው።»

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሁሉንም ቀረጻ ክፍል ሰበሰበቻቸው። አቀናባሪዋ ከቀረጻው ኮምፒውተር ፊት፣ መረዋ ከቆርቆሮው ሮቦት አጠገብ፣ በያጁ እንደታሰረ በሩ ጋ፣ ሳጅኑም ከኋላው ሆኑ።

«ሳጅን፣ ይህ ልጅ ለምን ታሰረ?» ብላ ጀመረች።

«ሟቹ ዘጠኝ ከአስር ላይ በሕይወት ስለነበረ፣ ከዚያ በኋላ የገባው እሱ ብቻ ስለሆነ።»

«በሕይወት እንደነበረ የነገረን ማን ነው?»

«ድምፁ። እና መረዋ።»

«ድምፁን እንይ። አቀናባሪዋ በመጀመሪያ የሰማችው ‹ወንድሜ!› የሚል ጩኸት ነው። እኔም ያንን ክፍል አሁን አጫውቼ አየሁት። የሮቦቱ ደረት ከኋላ በተሰነዘረ ጦር ይበሳል፤ የአብራሪው እህት ትጮኻለች። አስራ አራተኛው ደቂቃ ላይ ነው። የሟቹ ደብተርም የሚያቆመው እዚያው ነው፤ ፍልሚያውን ብቻ ጽፎ። ፍልሚያውን ደግሞ ሁልጊዜ ያለ ድምፅ ነው የሚያየው። ሚዛን በዝምታ እያየ ነበር፤ ብዕሩ ቆመ፤ ድምፁ ተከፈተ። ድምፁን የከፈተው ታዲያ ማን ነው?»

«ሁለተኛውን ዙር ጀምሮ ሊሆን ይችላል» አለች አቀናባሪዋ በቀጭን ድምፅ።

«ቢሆንማ ከመጀመሪያው፣ ከመግቢያው ሙዚቃ በጀመረ ነበር። ደግሞ ይህን እዩ። የድምፅ ማጉያውን መሰኪያ ስነቅለው ሥሩ ያለው የሶኬቱ ፊት በደም ተረጭቷል። በመሰኪያው መሸፈን የነበረበት ቦታ ማለቴ ነው። ምቱ ሲያርፍ ሶኬቱ ባዶ ነበር። ገመዱን የሰካው ገዳዩ ነው። ለምን ቢባል በመጀመሪያው ምት ሰውየው አልሞተም፤ ወድቆ አቃሰተ። በግድግዳው ወዲያ ሰው አለ። ገዳዩ ማቃሰቱን በሮቦት ጩኸት ሸፈነና ሁለቴ ደገመው።»

አቀናባሪዋ ጆሮዋን ያዘች። ሻይዋን ስትደፋ የሰማችው ምን እንደነበረ ገና አሁን ገባት።

«እንግዲህ ሚዛን የሞተው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ያን ጊዜ ወንድሙ ቀለም ሱቅ ነው። አቀናባሪዋ በአንድ እጇ ስምንት ኪሎ ብረት ከራሷ በላይ አታነሳም። ዘጠኝ ከአስር ላይ ሬሳ ‹እጁን አነሳልኝ› ያለኝ ግን አንድ ሰው አለ።» ወደ መረዋ ዞረች። «አሥር ዓመት ቃሉን አነበብክለት፤ አንድ ቀን እንኳ አብረኸው ተቀምጠህ አላየህም። ሦስት ዙር እንዳለው አታውቅም። ብታውቅ ድምፁን የሕይወት ምልክት አድርገህ ባላቀረብክልኝ።»

«ይህ ሁሉ ተረት ነው!» አለ መረዋ። «እኔ ምን ቤት ነኝና እገድለዋለሁ?»

ሚስማር ለአቀናባሪዋ ምልክት ሰጠቻት። ከኮምፒውተሩ የሟቹ ድምፅ ወጣ። ይንቀጠቀጣል፣ ይሰናከላል፣ እንደገና ይነሳል። «እስከ ዛሬ የሰማችሁት ድ… ድምፅ የእኔ አልነበረም። ቃሉ ግን የ… የእኔ ነበር። አብራሪው ዛ… ዛሬ ወርዷል።»

«ትናንት ነው የቀዳነው» አለች አቀናባሪዋ። «ዛሬ ከምሳ በኋላ ራሱ ሊነግርህ ነበር። ነገረህ አይደል?»

መረዋ ፊቱ አመድ መሰለ። ሚስማር ጊዜ አልሰጠችውም፤ «ይህን ከካውያ የወጣ ሸሚዝ የለበስከው የቱን ደብቀህ ነው?» ብላ የቆርቆሮውን ሮቦት ደረት ከፈተችና ከባዶው ሆድ በደም የራሰ ሸሚዝ ጎትታ አወጣች።

መረዋ የካሜራውን መቆሚያ መንጭቆ ሳጅኑን አፍንጫው ላይ መታው። አጥንት ሲሰበር ተሰማ። ወደ በሩ ሲወረወር በያጁ ጠለፈው፤ ሁለቱም ወለሉ ላይ ተከሰከሱ። በያጁ ከላይ ሆኖ የታሰሩ እጆቹን መረዋ ራስ ላይ አሳልፎ የካቴናውን ሰንሰለት አንገቱ ላይ አጠበቀው። ያ ያማረ ድምፅ ወደ ፉጨት ተለወጠ። ዐይኑ ፈጠጠ፣ እግሩ ወለሉን ደበደበ።

«ይሙት!» አለ በያጁ ደም በሞላው አፉ። «ይሙት! ‹እንደ ወንድሜ› አለ እኮ!»

ሳጅኑ ፊቱን ይዞ ወድቋል። ሚስማር ሽጉጧን አላወጣችም። አጠገቡ ተንበረከከችና እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈች።

«ልጄ፣ አሁን ንጹሕ ነህ። ትንሽ ከጨመርክ ግን አይደለህም። እናትህ ዛሬ አንዱን አጥታለች። ሁለተኛውን አንተ አትውሰድባት።»

ሰንሰለቱ ወዲያው አልላላም። ሚስማር በሕይወቷ እንዲህ ፈርታ አታውቅም። በመጨረሻ በያጁ እጁን አነሳና ወንበሩ ሥር ተጠቅልሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ መረዋም እያጓራ አየር ሳበ። ካቴናው ከበያጁ እጅ ወጥቶ መረዋ እጅ ላይ ገባ።

አቀናባሪዋ ደብተሩን ለበያጁ አመጣችለት። ዳር ዳሩ ደም ነክቶታል። «ማስረጃ ነው፤ በኋላ ይመለስልሃል» አለችው ሚስማር። እሱ ግን ባዶዎቹን ሁለት ዓምዶች በጣቱ እየነካ ነበር።

«አንዱን ዙር ነው የጀመረው» አለ። «ያንንም አልጨረሰው። የቀረውን እኔ አይለታለሁ።»

«ቀረጻውን እለቀዋለሁ» አለች አቀናባሪዋ። «አሥር ዓመት የመረዋን እስትንፋስ ከቪዲዮ ስቆርጥ ኖሬያለሁ። ከዚህ ላይ አንዲት መንተባተብ አልቆርጥም።»

ደረጃውን ሲወርዱ የደበደቡት ጎረቤቶች ግድግዳ ተጠግተው መንገድ ለቀቁ። በያጁ መኪናው ጋ ሲደርስ ቆመ።

«እናቴ ጋ እርስዎ ይግቡልኝ። እኔ አልችልም።»

«አብረን ነው የምንገባው» አለች ሚስማር፤ ደሙን ከፊቱ በራሷ ሻርፕ እየጠረገች። «ወሬውን ከመስማቷ በፊት አንተን ቆመህ ማየት አለባት።»