ጽጌ እጇን ስታወጣ

«የተደበቀ ንብረት የሚያውቅ ሰው እጁን ያውጣ!» አለ ካድሬው ጓድ ዳኘ፣ ጠረጴዛውን በጡጫው እየመታ። «ድርጅቱ ዛሬ ይዘጋል። ከማንኪያ እስከ አልጋ፣ ያለው ሁሉ ለቀበሌው ነው። የደበቀ ሰው በኢኮኖሚ አሻጥር ይጠየቃል!»

አዳራሹን የሞላው ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ጽጌ ግን ታውቃለች። አንዲት ቃል ብትናገር፣ ከፊቷ አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠው የንብረት ክፍል ኃላፊ ወንዳፈረው ዛሬውኑ ታስሮ ወደ ሆሳዕና ይጫናል። በዚያ ዘመን ተጭኖ የሄደ ሁሉ አይመለስም።

ይመለስ አይመለስ ደግሞ ግድ የላትም።

እናቷ ገነቴ እዚሁ ጊምቢቹ፣ የካቶሊክ ሲስተሮች ባቋቋሙት የእናቶችና ሕፃናት መርጃ ድርጅት ምግብ ታበስል ነበር። አምና የጽጌ ታናሽ ወንድም ሲታመም ወንዳፈረው ራሱ አንድ ቆርቆሮ የዱቄት ወተት «ለልጁ ውሰጂለት» ብሎ ሰጣት። በዚያው ቀን ከአዲስ አበባ ተቆጣጣሪ ድንገት ደረሰ። ቆርቆሮው ከገነቴ ዘንቢል ሲወጣ ወንዳፈረው ዓይኗን እያየ «እኔ አላውቅም፤ ሰርቃ ይሆናል» አለ። ገነቴ ተባረረች። ከዚያ ወዲህ ገበያ ስትወጣ ሴቶቹ ዘንቢላቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ ያደርጋሉ። ጽጌም ትምህርት ቤት ስም ወጣላት፤ «ወተቴ»። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሳይቀር ይጽፉባታል።

ባለፈው ቅዳሜ ታዲያ ወንዳፈረው በእንሰት ቅጠል የተሸፈነ ነገር በአህያ ጭኖ በጓሮ መንገድ ሲሄድ አየችው። «ያዝኩህ፣ ሌባ!» አለች በልቧ። ተከተለችው። ጭነቱ የወረደው ግን እሱ ቤት ሳይሆን፣ ድርጅቱ ስፌት ከሚያስተምራቸው ሴቶች የአንዷ ቤት ነበር። የስፌት መኪናዎች ናቸው። በአጥሩ ቀዳዳ ድምፁን ሰማች።

«ሲስተር ናቸው የላኩኝ። ሕፃናቱን ለጤና ጣቢያው አስረክበዋል፤ የቀራችሁት እናንተ ናችሁ። ድርጅቱ ቢዘጋም ሥራ እንዳትፈቱ ብለው ነው። እነዚህ መኪናዎች ቀበሌ ከገቡ አቧራ ነው የሚጠጡት። አደራ፣ ጭጭ በሉ።»

ስለዚህ ሌባ አይደለም። ጽጌን ያበገናትም ይኸው ነው። እናቷን ሌባ ያስባለ ሰው ለሌላው ደግ ሲሆን! ሴቶቹስ ቢሆኑ፣ ያን ዕለት ለገነቴ የተሟገተች አንዲት እንኳ ከመካከላቸው ነበረች? ይወሰድባቸው!

እጇን አወጣች።

አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አያት። የድርጅቱ ኃላፊ ሲስተር ክርስቲና መቁጠሪያቸውን ጨበጡ። ወንዳፈረው ቀና ብሎ ዓይኗን ሲያይ ገባው፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ተናገሪ አንቺ ልጅ፣ አትፍሪ!» አለ ጓድ ዳኘ።

«አልፈራሁም።» ተነሥታ ቆመች። ከጥግ አንዷ የስፌት ሴት ያዘለችውን ሕፃን ወደ ደረቷ አዙራ አቀፈችው። ጽጌ ባታያት በወደደች። ልትናገር ያሰበችውን ተወችውና ወደ ወንዳፈረው ዞረች።

«ጋሼ ወንዳፈረው ያውቃሉ» አለች በመጨረሻ። «እሳቸው ራሳቸው ይናገሩ።»

«ም... ምኑን?» አለ ወንዳፈረው።

«አምና እናቴ ዘንቢል ውስጥ የተገኘውን ወተት ማን እንደሰጣት። እርስዎ ካልተናገሩ እኔ የማውቀውን እናገራለሁ።»

ወንዳፈረው ላቡን ጠረገ። ጠረጴዛውን ተደግፎ ተነሣ። «እኔ ነኝ የሰጠኋት» አለ በለሆሳስ። «ተቆጣጣሪው ሲመጣ ፈራሁና ካድኳት።»

«አልሰማንም» አለች ጽጌ። «ጮክ ይበሉ።»

«ገነቴ ሌባ አይደለችም! ዋሽቼባት ነው!»

ሰዉ አጉረመረመ። ጓድ ዳኘ ብድግ አለ። «እንግዲያው የሕዝብ ንብረት እንዳሻህ ስታድል ኖረሃላ! ውሰዱት!» ጠመንጃ ያነገቡ ሁለት ጥበቃዎች ወንዳፈረውን ግራና ቀኝ ያዙት። ጽጌ ደስ አላት። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ካድሬው ወደ እሷ ዞረ። «ሌላ የምታውቂው አለ?»

ወንዳፈረው ወለሉን እያየ ነው። ሴቶቹ ግን ሁሉም እሷን ነበር የሚያዩት።

«የለም» አለችና ተቀመጠች።

ስብሰባው ሲበተን ሲስተር ክርስቲና በሩ ላይ ጠበቋት። «ልጄ፣ ሰው ፊት እንዲህ ማዋረድ ነበረብሽ?»

«እናቴስ የተዋረደችው ጫካ ውስጥ ነው እንዴ?»

ጽጌ አልፋቸው በጓሮው መንገድ ወረደችና የስፌት መኪናዎቹ የተደበቁበት ቤት በር ላይ ቆመች። ባለቤቲቱ ገና ነጠላዋን እንኳ አላወረደችም።

«እግዜር ይስጥሽ፣ የኔ ልጅ...»

«ምስጋና አልፈልግም። ነገ እናቴ ትመጣለች። ስፌት ታስተምሯታላችሁ።»

«እኛም እኮ ተጣብበናል፤ መኪናዎቹ ለእኛው...»

«ቦታ ፈልጉላት።»

ሴትየዋ ጎንበስ ብላ አንዱ ወንበር ላይ የተከመረውን ጨርቅ ማንሳት ጀመረች። ጽጌ ጨርሳ እስክታነሳ ቆማ አየች፤ ከዚያም ወደ እናቷ ሄደች።