ልጁን «አላውቃትም» ያለው አባት

ፈድሉ በናይሮቢው የኢስትሊ ገበያ ጨርቅ መሸጥ ከጀመረ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ከኢትዮጵያ በሞያሌ በኩል ባዶ እጁን ገብቶ፣ መጀመሪያ በትከሻው እያዞረ፣ ኋላም ደረጃ ሥር ዘርግቶ፣ በመጨረሻ የራሱን ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። ይህን ታሪኩን ግን ለልጁ ለሰዲቃ አጫውቷት አያውቅም። እንድትማርለት እንጂ እንድትመስለው አልፈለገማ!

ሰዲቃ በኤሌክትሪክ ምህንድስና ስትመረቅ ለገበያው ሰው ሁሉ ቴምር አደለ። መኖሪያቸው ከገበያው ርቆ ኪሌሌሽዋ ሰፈር ስለሆነ ገበያው ልጅቷን በዝና እንጂ በመልክ አያውቃትም። ከዚያ ወዲያ «ልጅህ ሥራ ያዘች ወይ?» የየዕለቱ ሰላምታ ሆነ። ስድስት ወር «ኢንሻአላህ» እያለ አለፈው። በሰባተኛው አፉ አዳለጠውና፣ «አልሐምዱሊላህ፣ መሃል ከተማ ቢሮ ገብታለች» አለ። ውሸት አንዴ ከተወለደች ቀለብ ትፈልጋለች። ልጅቷም የአባቷን ቃል ላለማዋረድ በየጠዋቱ የቢሮ ልብሷን ለብሳ ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ ትሳፈር ጀመር። ማመልከቻዋን ስትበትን ትውላለች፤ መልስ የለም።

አንድ ቀን ኢስትሊ ስታልፍ የአንድ ልብስ ሰፊ የስፌት መኪና ሞተሩ ተቃጥሎ አገኘችው። ፈታትታ ሠራችለት። በሳምንቱ ሌላ ሰፊ አስጠራት፤ ከዚያም ሌላ። ኢስትሊ ውስጥ ሰፊ ሞልቷል፤ መኪናው የቆመበት ሰፊ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ጦሙን ነው። ልጅቷ እንጀራዋ የት እንዳለ ገባት። ለአባቷ ስትነግረው ግን ፊቱ ጠቆረ።

«ይሄን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩሽ ፉንዲ እንድትሆኚ ነው?» አላት። ናይሮቢ ውስጥ ማንኛውም ጠጋኝና ባለ እጅ ፉንዲ ነው የሚባለው። «ዘይት ነክሮሽ ቢያዩሽ ሰው ምን ይለኛል?»

«አንተ ሰው ምን ይለኛል ብለህ ተጨነቅክ፤ እኔስ ምን ልሁን፣ አባዬ?» አለችው።

የፈድሉ ሱቅ ያለበትን ሕንፃ የሚያስተዳድረው አብዱልፈታ የሚባል፣ ከሞምባሳ በቅርብ የመጣ ኢትዮጵያዊ ነው። ምድር ቤቱ ውስጥ ለአንድ ጠረጴዛ የምትበቃ ጥግ ነበረችው፤ ሰዲቃ እንዲያከራያት ለመነችው። የሕንፃው ደንብ ግን አዲስ ተከራይ ሲመጣ ነባር ነጋዴ «አውቀዋለሁ» እንዲልለት ያዛል። ሰዲቃ የአባቷን ስም ብትጠራ ውሸቱን ማጋለጥ ሆነባትና ዝም አለች። አብዱልፈታ ራሱ አዝኖላት ከሱቅ ሱቅ ይዟት ዞረ፤ ፈድሉም ዘንድ ደረሱ። ሱቁ ውስጥ ሦስት ነጋዴዎች ተቀምጠዋል።

«ጋሽ ፈድሉ፣ ይቺ ልጅ ያገራችን ሰው ናት። ሰፊዎቹ ሁሉ ያመሰግኗታል። ታውቃታለህ?»

ፈድሉ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። እጇ ላይ የሞተር ዘይት አለ።

«አላውቃትም» አለ።

ሰዲቃ አንገቷን ደፋች። «ይቅርታ፣ አስቸገርኳችሁ» ብላ ወጣች። እዚያው ልታዋርደው ትችል ነበር፤ ከለለችው።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ በሚሰገደው የዐስር ሶላት ላይ ፈድሉ ግንባሩን ምንጣፉ ላይ እንደደፋ ቀና ማለት አቃተው። ድሮ በስሙ እንኳ የማያውቀው አንድ ሶማሌ ነጋዴ «አውቀዋለሁ» ብሎለት ነበር ደረጃ ሥር የዘረጋው። ባዕድ ያወቀው ሰው የገዛ ልጁን አላውቃትም አለ።

በነጋታው ነጋዴዎቹ ሻይ ሲጠጡ መጥቶ ፊታቸው ቆመ። «ትናንት አላውቃትም ያልኳት ልጄ ናት። ቢሮ ያልኩትም ውሸት ነው» አለ። ሁሉም ዓይኑን ብርጭቆው ላይ ጣለ።

«ወንድሜ፣ ጥጉን እኮ ማታ ዋስ ላለው ሰው ሰጠሁት» አለ አብሯቸው የተቀመጠው አብዱልፈታ።

ፈድሉ ቤቱ ገብቶ ልጁን ይቅርታ ለመናት። የሱቁን የፊት በኩል ለጠረጴዛዋ ሊለቅላት እንደሚፈልግም ነገራት። ሰዲቃም፣ «ደንበኛ ‹ይቺ ማናት?› ሲልህስ?» አለችው።

«ልጄ ናት፤ ፉንዲ ናት እላለሁ።»

«እናያለን፣ አባዬ።»

ሰኞ ጠረጴዛዋን ዘረጋች። የመጀመሪያው ደንበኛ ጠየቀ፤ ፈድሉም እንዳለው መለሰ። ቃሉን አላጠፈም። ሰዲቃ ከሞተሩ ላይ ቀና አላለችም፤ መስማቷን ግን አወቀ።

ወገኖቼ፣ ሪዝቅን፣ ማለትም ሲሳይን፣ የሚሰጥ አላህ ነው፤ ቢሮ ብቻ ነው የሚሰጠው ያለን የለም። ልጆቻችን ሥራ ፈጥረው ሲመጡ በራችን ላይ የሚጠብቃቸው የእኛ ሐፍረት ከሆነ፣ ሥራ አጥ ያደረግናቸው እኛው ነን።