በዕጣ ያልያዘው ወገን

የማዋለጃ ክፍሉ ሠራተኞች «ኮስታራዋ» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ለክፋት አልነበረም፤ ስትስቅ ያያት ሰው ጥቂት ስለሆነ ነው። አዋላጅ ናት። ክፍሉ ያለው ወንዙ ዳር፣ ከዝቅተኛው ሰፈር ጫፍ ነው። ባለፈው ክረምት ወንዙ ሞልቶ ደጃፉን ጥሶ ሲገባ እሷና ባልደረቦቿ ጨቅላዎቹን በአንሶላ ጠቅልለው፣ አራሶቹን ደግፈው፣ በዝናብ ዳገቱን ወጥተዋል። ማንም አልሞተም። እሷ ግን ከዚያ ወዲህ ሰማዩ ሲጠቁር እጇ ሥራ እምቢ ይላታል።

ጠበቃው የመጣው አየሩ እንደ ምድጃ በጋለበት አንድ ከሰዓት፣ ምጥ የያዛትን ታላቅ እህቱን ደግፎ ነው። መብራት ጠፍቶ የጣሪያው ማራገቢያ ቆሟል። ሰውየው ኮቱን ወርውሮ፣ ከብብቱ የፍርድ ቤት ፋይሉን አውጥቶ፣ በእህቱ ራስጌ ቆሞ ያራግብላት ጀመር።

«ይውጡ ልበልዎት ወይስ ያራግቡ? ቸገረኝ» አለችው አዋላጇ።

«ያራግቡ ቢሉኝ ይሻላል። ካስወጡኝ ይግባኝ እጠይቃለሁ።»

ኮስታራዋ አልሳቀችም። እህትየው ግን በምጧ መሃል ሳቀች፤ የተያዘው ትንፋሿም ፈታ አለ። አዋላጇ ይህን በልቧ አመሰገነችለት። ልጅቱ ተወልዳ የመጀመሪያ ጩኸቷን ስታሰማ ጠበቃው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ እንባውን ጠረገ። ሰረቅ አድርጋ አየችው። ማየቷን እሱም አየ።

በማግስቱ እህቴ ነጠላ ጫማ ረስታለች ብሎ መጣ። በሦስተኛው ቀን የጫማውን ሌላኛውን እግር ሊፈልግ መጣ። ከዚያ ሰበቡ ሁሉ አለቀና ባዶ እጁን በሩ ላይ ቆመ።

«ዛሬስ ምን ተረሳ?»

«ዛሬ የረሳነው የለም። መርሳት ያቃተኝ ግን አለ።»

አንገቷን ደፋች። የመድኃኒት ብልቃጡን ሁለት ጊዜ ከፍታ ሁለት ጊዜ ዘጋችው።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስትወጣ ዳገቱን አብረው ይወጡ ጀመር። «እርስዎ» መባባሉ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ቀረ፤ ማን ቀድሞ «አንተ» ወይም «አንቺ» እንዳለ እስከ ዛሬ አልተስማሙም። አንድ ምሽት የጎርፉን ነገር አጫወተችው። ለማንም ያልነገረችውን፣ ጭቃው ላይ አዳልጧት ሕፃን እንደታቀፈች መንበርከኳን ጭምር ነገረችው። ያ አፈ ቅቤ ሰው አንዲት ቃል አልተናገረም። እጇን ያዘና ዝም ብሎ ሰማት።

የከተማው ምክር ቤት በዚያ ሰሞን በሁለት ተከፍሎ ነበር። ከፊሉ «ምድር እየሞቀች ነው፤ ጎርፉ ይመለሳልና ማዋለጃው ወደ ዳገቱ ይዛወር» ይላል። ከፊሉ ደግሞ «የአንድ ክረምት ነገር ነው፤ በወሬ ገንዘብ አይበተንም» ባይ ነው። መስማማት ሲያቅታቸው በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ የሕዝብ ክርክር ጠሩ። ርዕሱ «የዓለም ሙቀት መጨመር በእርግጥ ያሳስባል ወይ?» የሚል ነበር። በመጨረሻ ሕዝቡ እጅ ያወጣል፤ ምክር ቤቱም ያንን አይቶ ይወስናል።

ጠበቃው እንደሚከራከር ነግሯት ነበር። በየትኛው ወገን እንደሆነ አልጠየቀችውም፤ መጠየቅም አላስፈለጋትም። ባልደረቦቿን አስከትላ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። እሱ ግን መድረኩ ላይ ሲወጣ «አያሳስብም» ከሚለው ጽሑፍ ሥር ቆመ።

«እኔ ወንዝ ዳር ያደግሁ ነኝ» ብሎ ጀመረ። «አባቴ ልጅ ሳሉም ይህ ወንዝ ይሞላ ነበር። ያኔ የምድር ሙቀት የሚባል ወሬ ስላልነበረ ጥፋቱ የወንዙ ብቻ ነበር። ዛሬ ግን ድስት ቢያርርብን እንኳ ‹የአየር ንብረት ለውጥ ነው› እንላለን።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ቀለለው። እጅ ይውጣ ሲባል «አያሳስብም» ለሚለው የወጣው እጅ ጫካ ይመስል ነበር። ከመሃል አንድ ሽማግሌ ቆመው አጨበጨቡ፤ አባቱ ናቸው።

አዋላጇ በጎን በር ወጣች። ደረጃው ላይ ደረሰባት።

«ቆይ እንጂ። ዕጣ እኮ ነው። መድረክ ከመውጣታችን በፊት ዕጣ ስናወጣ ‹አያሳስብም› ደረሰኝ። የጠበቃ ሥራ የደረሰውን ወገን በደንብ መያዝ ነው።»

«በደንብ ይዘኸዋል።»

«ያልኩትን አምኜበት አይደለም።»

«የባሰው እሱ ነው። አምነህበት ቢሆን ኖሮ እዚሁ ቆሜ እከራከርህ ነበር።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የጎርፉን ነገር ስነግርህ እጄን ይዘህ ዝም አልክ። ያም ዝምታ በዕጣ የደረሰህ ነው?»

ጠበቃው አፉን ከፈተ። እሷ ግን ደረጃውን ወርዳ ሄደች።

ምክር ቤቱ የማዛወሩን ጉዳይ አሳደረው። አዋላጇ ዜናውን ስትሰማ መድኃኒት ክፍል ገብታ በሩን ዘግታ አለቀሰች፤ ከዚያ ፊቷን ታጥባ ወጣች። ከሥራ ስትወጣ እሷ ያዋለደቻቸውን እናቶች ቤት ለቤት ትዞር ጀመር። ክርክሩ እንዲደገም ይጠይቁላት ዘንድ ለመነቻቸው። እናቶቹም ልጆቻቸውን አዝለው ማዘጋጃ ቤቱን ደጅ ጠኑ፤ የምክር ቤቱ ሊቀመንበር ጩኸቱ ሲበዛበት እሺ አለ።

በመሃሉ የጠበቃው እህት ልጇን ልታስከትብ መጣች።

«ወንድሜ ከዝምታ በቀር ሥራ የለውም» አለቻት። «ቤታችን ዝም ያለ ሰው ለምዶ ስለማያውቅ ሐኪም ልንጠራ ነው።»

«ይህን ንገሪያት ብሎ ልኮሽ ነው?»

«እንዳልነግርሽ አስምሎኝ ነው።»

ኮስታራዋ ፈገግታዋን ለመደበቅ መርፌውን ወደ ብርሃን አነሳች።

ከሰሞኑ ባንዱ ቀን ጠበቃውን ዳገቱ ሥር ቆሞ አገኘችው። ከስቷል።

«በሁለተኛው ክርክር ካንቺ ወገን ልቁም» አላት።

«ይህንን ዕጣ ማን አወጣልህ?»

«ማንም። ያንን ቀን የተናገርኩትን ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ሰውን በሚያሳስበው ነገር አስቄ ላኩት። ባገባሽም ባላገባሽም ይህን ማረም አለብኝ።»

«አባትህስ?»

ጠበቃው ቀና ብሎ ወደ ወንዙ አየ። አባትየው ወንዝ ዳር የሚያከራዩአቸው ቤቶች ነበሯቸው። «ቤት አያስገቡኝም» አለ።

አባትየው ግን ከልጃቸው ቀድመው ወደ እሷ መጡ። ከዘራቸውን ተደግፈው ማዋለጃው ኮሪደር ውስጥ ቆሙ። ወንበር ሰጠቻቸው፤ አልተቀመጡም።

«ልጄ፣ ልጄን ተይልኝ» አሏት። «ያንን ቤት በእነዚህ እጆቼ ነው የሠራሁት። ሰፈሩ ሊሰምጥ ነው እየተባለ ማን ይከራየኛል? የራሴ ልጅ አደባባይ ወጥቶ ቤቴን በምላሱ ሊያፈርሰው?»

«አባባ፣ እኔ አልያዝኩትም። የቆመው በራሱ እግር ነው።»

«ወንዙን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።»

«አውቃለሁ አባባ። እኔ የማወራው እርስዎ ስለሚያውቁት ወንዝ አይደለም፤ ወደፊት ስለሚመጣው ነው። የልጅ ልጅዎ የተወለደችው እዚያ፣ ሁለተኛው አልጋ ላይ ነው። ባለፈው ክረምት ተወልዳ ቢሆን ኖሮ በጭቃ ይዣት እሮጥ ነበር። አንድ ጊዜ ወድቄያለሁ። ሁለተኛ እንዳልወድቅ ማን ዋስ ይሆነኛል?»

ሽማግሌው አልጋውን አይተው ወጡ።

ሁለተኛው ክርክር ዕጣ አልነበረበትም። «አያሳስብም» የሚለውን ወገን የያዙት ጡረታ የወጡ መሐንዲስ፣ ጨዋ ሰው ነበሩ። ሙቀቱ መጨመሩን አልካዱም፤ «የከተማችን ገንዘብ ትንሽ ነው፤ ስጋትን ሁሉ በገንዘብ አናባርርም» አሉ። ሕዝቡ በመስማማት ራሱን ነቀነቀ።

ጠበቃው ተነሳ። ገና አፉን ሳይከፍት ከኋላ አንዱ «ባለፈው ሌላ አልነበር ያልከን?» አለና ሳቅ ሆነ።

«አዎ» አለ። ላብ አጠመቀው። «ባለፈው ... የደረሰኝን ነው የተናገርኩት። ዛሬ የማስበውን ነው። እኔ ... ቀልድ የለኝም ዛሬ።» ወረቀቱ ከእጁ ወደቀ። ጎንበስ ብሎ ሲያነሳ እንደገና ተሳቀበት። አባቱ ተነስተው ወጡ። እሱ ግን አልተቀመጠም፤ እየተንተባተበ፣ ቃል እየጠፋው፣ ያየውን ሁሉ ተናግሮ ጨረሰ።

ከዚያ አዋላጇ ቆመች።

«ያለፈውን ጎርፍ የምድር ሙቀት ብቻውን አመጣው ብዬ አልምልም» አለች። «አጥኚዎቹ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ከባድ ዝናብም ይበረታል ይላሉ። እኔ ደግሞ ክፍሌ ውስጥ በሙቀት ራሳቸውን የሚስቱ እናቶች ሲበዙ አያለሁ። ተሳስተን ክፍሉን ብናዛውር የምናጣው ገንዘብ ነው። ተሳስተን ብንተወውስ የምናጣው ማንን ነው?»

እጅ ወጣ። ተቆጠረ። አዋላጇና ጠበቃው በጥቂት ድምፅ ተሸነፉ።

ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሰዉ በአጠገባቸው እያለፈ ወደየቤቱ ሄደ።

«ተሸነፍኩ» አለ ጠበቃው።

«አየሁ።»

«ዕድሜዬን እንዲህ ተንተባትቤ አላውቅም።»

«እሱንም አየሁ።» ከዚያ ራሷን ትከሻው ላይ ጣል አደረገች። «እናቴ እሑድ ቤት ትውላለች። መጥተህ አነጋግራት።»

ዞሮ አያት። እየሳቀች ነበር። ጥቂት ሰው ብቻ ያየው የሚባለው ሳቅ ይህ ነው ብሎ አሰበ፤ ዓይኑን ከፊቷ መንቀል አቃተው።

«ማዋለጃውስ?» አለ እንደምንም።

«እሱንማ ነገ እንጀምራለን።»

ምክር ቤቱ በጀት የለኝም አለ እንጂ አትዛወሩም አላለም። ማዋለጃውን የሚያስተዳድረው የጤና ጣቢያ ኃላፊም ፈቀደ። ዳገቱ ላይ የተዘጋ ትምህርት ቤት ነበር፤ ባለቤቱ ቁልፉን ሰጠ። እናቶቹ ወለሉን አጠቡ፤ ባሎቻቸው መስኮት ጠገኑ። ጠበቃው ችሎት ሲነሳ እጅጌውን ሰብስቦ ግድግዳ ይቀባል። እሑድ ደግሞ የአዋላጇ እናት ፊት ለፊት ተቀምጦ ተጠየቀ።

«ጠበቃ ነኝ ትላለህ። ለማን ነው የምትቆመው?»

«ከእንግዲህ ለማምንበት፣ እማማ።»

«እንጀራ አይሆንህም» አሉ እናትየው፤ ግን ሻይ ጨመሩለት።

ሰርጋቸው ትንሽ ነበር። የጠበቃው አባት አልመጡም። ፎቶ ሲነሱ የጠበቃው ዓይን በሩ ላይ እንደነበር እሷ አይታለች።

ዝናቡ ሊገባ ሲቃረብ አልጋዎቹን የማውጣት ቀን ደረሰ። የብረት አልጋ ከባድ ነው፤ መኪና ያንን ጠባብ መንገድ አይወጣም። ሰው ሁሉ ተረዳድቶ ተሸከመ። እሷና ባሏ አንዱን አልጋ በሁለት ጫፍ ይዘው ዳገቱ አጋማሽ ላይ ቆመው ያለከልካሉ። ያኔ የከዘራ ድምፅ ሰሙ።

አባትየው ናቸው። ልጃቸውን ዞር ብለው አላዩትም። አልጋውን አዩ፣ እሷን አዩ።

«እኔ አሁንም አላመንኩም» አሉ። «ወንዙ ያው የድሮው ወንዝ ነው።»

«እሺ አባባ» አለች ትንፋሿን እየሰበሰበች።

«ግን ምራቴ የብረት አልጋ ተሸክማ ዳገት ስትወጣ ቆሜ አላይም።»

ከዘራቸውን ለልጃቸው ወረወሩለትና አልጋውን በእሷ በኩል ያዙ።