ዘጠነኛው ድልድይ ላይ የቆመው ሰውዬ

እኔ በጥላ፣ በዛርም ሆነ በሟርት አምኜ አላውቅም፣ ይህን አስቀድሜ የምናገረው የምነግራችሁን ስትሰሙ «ድሮም እንዲህ ያለ ወሬ ይወዳል» እንዳትሉኝ ነው። ብቸና ውስጥ ራዲዮና ቴሌቪዥን ስጠግን ሃያ ዓመት ሊሆነኝ ነው፣ ሙያውን ያስተማረኝ የለም፣ የተበላሸውን እየፈታሁ፣ የፈታሁትን መግጠም እያቃተኝ በራሴ ነው የተማርሁት። አንዲት እናት «ሳጠፋውም ያወራል» ብለው በነጠላ ጠቅልለው ያመጡትን ራዲዮ ፊታቸው ከፍቼ፣ ማጥፊያው ውስጡ ተጣብቆ እንደሆነ አሳይቼ የሸኘሁ ሰው ነኝ። ምክንያት የሌለው ነገር የለም፣ ያልተፈታ ነገር እንጂ እል ነበር፣ አሁንም እላለሁ፣ ድምፄ ግን እንደ ድሮው አይደለም።

ነገሩ የሚጀምረው ከልጄ ከእናንየ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ሱቄ ውስጥ ታግዘኝ ነበር፣ ትርፍ ሰዓቷን ግን ኮምፒውተሩ ላይ ነበር የምታጠፋው። የድሮ የቪዲዮ ጨዋታ ነው፣ ጃንጥላ የያዘ ትንሽ ሰውዬ ዘጠኝ ድልድይ ይሻገራል፣ የድልድዩ ሳንቃ በዕጣ ይወድቃል። እሷ እንደ ሌላው ልጅ አትጫወተውም። ጨዋታውን አቁማ አንዷን ሰከንድ ስልሳ ቦታ ትከፍላታለች፣ በያንዳንዷ ቁራጭ ላይ የቱ ቁልፍ እንደሚጫን ትወስናለች፣ ሰውዬው ከወደቀ ወደ ኋላ መልሳ ሌላ ትሞክራለች። በመጨረሻ የቁልፎቹ ዝርዝር በፋይል ይቀራል፣ ፋይሉን ስታጫውቱት ማንም ሳይነካው ጨዋታው የሰው እጅ በማይደርስበት ፍጥነት ያልቃል። በዓለም ላይ ይህን የሚሠሩ ብዙ ሰዎች አሉ አለችኝ።

«ይህ ማጭበርበር ነው» አልኋት። «የወደቀ ሰው ያልወደቀ መስሎ መታየት የለበትም።»

«አባየ፣ በእጄ ተጫወትሁት መቼ አልሁ? በመሣሪያ የተሠራ ብየ ከላይ ጽፌበታለሁ። አንተስ አንዱን ራዲዮ ስንት ጊዜ ነው መልሰህ የምትፈታው?»

«እኔ ሰው እንዲሰማበት ነው።»

«እኔም ሰው እንዲያየው ነው።»

መልስ ያጣ አባት ክፉ ነው። አንድ ቀን ገበያ ስትሄድ ፋይሉን አጠፋሁት፣ የሰባት ወር ሥራዋ ነበር። ስትመለስ «መብራት ሄዶ ሲመጣ በላው» አልኋት። ውሸት የሌብነት ታላቅ ወንድም ነው እያልሁ ልጅ ያሳደግሁ ሰው ነኝ፣ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፣ ግን ሳልጽፈው ብቀር የባሰ ነው። አላለቀሰችም። ኮምፒውተሩን አየች፣ እኔን አየች፣ «እሺ» አለች፣ በሳምንቱ ልብሷን ይዛ ሞጣ ታላቅ እኅቴ የሺ ዘንድ ሄደች፣ እዚያ ሱቋን ታግዛታለች። ስደውልላት «ደኅና ነኝ» ትለኛለች፣ ሌላ ቃል የለም።

እሷ ከሄደች በኋላ መሳቢያዬ ውስጥ ፍላሽ አገኘሁ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ድልድዮች አሮጌ ኮፒና «ለጀማሪዎች» የሚል የሷ ጽሑፍ አለበት። የቀረውን ስድስት ድልድይ እኔው ሠርቼ «ፋይሉን አዳንሁት» ልላት አሰብሁ፣ አያችሁ፣ አንዱን ውሸት በሌላው ልጥፈው ነው። ጽሑፏን እንደ ዳዊት ደጋገምሁት። በአጭር ጨዋታ ጀምሩ ትላለች። መጀመሪያ በእጃችሁ ተጫውታችሁ ጨርሱት፣ የማታውቁትን መንገድ አታሳጥሩትም። ዕጣ ከሚወጣበት ቦታ በፊት ሁልጊዜ ሴቭ አድርጉ፣ ለጣላችሁት ሙከራ አታልቅሱ፣ ለምን እንዲህ እንዳደረጋችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ነገ ትረሱታላችሁ። ኮፒውን ሦስት ቦታ አስቀምጡ የምትለዋ ላይ ስደርስ አንገቴን ደፋሁ።

እኔም የራሴን አንድ ልጨምር። «ጨዋታውን ከማስነሣታችሁ በፊት የኮምፒውተሩን ሰዓት ጧት ሦስት ላይ አድርጉት፣ የሳንቃው ዕጣ የሚወጣው ከሰዓቱ ነው» ብላ ጽፋለች፣ እኔም ሦስት አደረግሁት፣ ሰውዬው መጀመሪያው ድልድይ ላይ ገደል ገባ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ገደል ሲገባ ከረመ። ፋይሉ ተበላሽቷል ብየ ልተወው ስል ነው የገባኝ፣ ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፣ የኛ ጧት ሦስት የሱ ዘጠኝ ነው፣ ልጄ ዘጠኝ እያደረገች ሦስት ብላ ነው የጻፈችው፣ እኛ አገር ማን እንዲህ አይጽፍም። ዘጠኝ ሳደርገው ሦስቱንም ድልድይ ሳይሰናከል አለፈ። ስለዚህ ጀማሪ ከሆናችሁ ከሁሉ በፊት ሰዓታችሁን እዩ።

አራተኛው ድልድይ አንድ ወር ፈጀብኝ። ሥራ መሆኑን ያን ጊዜ አመንሁ። የሷ ሰውዬ ሳንቃ እስኪመለስ ሲጠብቅ ሁለት ጊዜ እንጣጥ እንጣጥ ይላል፣ ለፍጥነቱ አይጠቅምም አይጎዳምም፣ ጠባይዋ ነው። የኔው ግን ዝም ብሎ ይጠብቃል።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በዝናቡ ምክንያት ደንበኛ በሌለበት፣ የሠራሁትን ከመጀመሪያው ላጫውተው ተቀመጥሁ። ስታጫውቱ እጃችሁን አታስገቡ ትላለች፣ እኔ ራሴን ስለማላምን የኪቦርዱን ገመድ እነቅላለሁ። ነቀልሁት። ሰውዬው ሦስተኛውን ድልድይ ሲጨርስ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ቆርቆሮው አፈሰሰ ብየ ቀና አልሁ፣ ደረቅ ነው። ደግሞ ቀጭ፣ ቀጭ። ከኪቦርዱ ነው፣ ገመዱ ግን እጄ ውስጥ ነው፣ እመኑኝ፣ ሁለት ጊዜ አየሁት።

አራተኛውን ድልድይ ጨረሰ፣ የኔ ዝርዝር እዚያ ያልቃል፣ ሰውዬው መቆም አለበት። ቆመ። ከዚያ እንጣጥ እንጣጥ አለና ወደ አምስተኛው ሄደ። ተሻገረ። ስድስተኛው ላይ ወደቀ። መውደቁ አላስደነገጠኝም፣ ያስደነገጠኝ የተከተለው ነው፣ ምስሉ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ ሰውዬው ጠርዙ ላይ እንደገና ቆመ፣ በሌላ መንገድ ሞከረ፣ ወደቀ፣ ተመለሰ፣ ልክ ሰው ተቀምጦ እንደሚሠራው። ስንት ጊዜ ወደ ኋላ እንደተመለሰ የሚቆጥር ቁጥር ከስክሪኑ ጥግ አለ፣ የኔ አራት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ነበር የቆመው፣ አሁን ዓይኔ እያየ ይጨምራል።

ሞጣ ደወልሁ። እኅቴ አነሣች።

«ዛሬ ምን ሰማህ፣ ደወልህሳ? እኛ ብቸና ስልክ የለም ብለን ነበር።»

«እታለም፣ እናንየ አለች?»

«እዚህ ፊቴ ስኳር እየመዘነች ነው። ምን ሆነህ ነው የምታለከልከው?»

«እጇ ላይ ስልክ ወይ ኮምፒውተር አለ?»

«ማንካ ነው ያለው። ልስጥህ፣ ግን ብትቆጣት ስልኩን እነጥቃታለሁ።»

ልጄ ስልኩን ተቀበለች፣ የማየውን ነገርኋት። አልሳቀችም።

«ስምንተኛው ደርሷል?» አለችኝ።

«አሁን ገባ።»

«በየት በኩል ነው የሄደው?»

«በላይ አልሄደም። ጃንጥላውን ዘርግቶ ወረደና ከድልድዩ ሥር በምሰሶው በኩል አልፎ ወጣ።»

የሞጣን ዝናብ በስልኩ ውስጥ ሰማሁ።

«አባየ፣ እሱን ገና አልሠራሁትም። ለማንም አልነገርሁም። ዛሬ ጧት ሱቅ ስከፍት ነው ያሰብሁት።» ቀጠለችና «አንተ ግን ለምንድን ነው የኔን ሥራ የምትሠራው?» አለችኝ።

ሌላ ውሸት ምላሴ ላይ ነበር። «መብራት አይደለም የበላው» አልኋት፣ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

እስክትመልስ ድረስ ቁልፉ ሦስት ጊዜ ቀጭ ሲል ሰማሁ።

«አውቃለሁ» አለች። «ያን ቀን መብራት አልሄደም። ገበያው አጠገብ ያለው ወፍጮ ሲፈጭ ነበር የዋለው። አንተ እስክትለው ነው የጠበቅሁት።»

ምን እንደመለስሁላት አላስታውስም፣ ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ነበር። ሰውዬው ዘጠነኛው ድልድይ ጠርዝ ላይ ደርሶ ጃንጥላውን አጠፈና ቆመ። እንጣጥ አላለም፣ አልሞከረም፣ አልወደቀም። ቁጥሩ ቆመ፣ ድምፁም ቆመ። ሩብ ሰዓት ያህል እንዲያ ሳየው ቆየሁ፣ ከዚያ መብራቱ ሄደ፣ ይህኛው እውነት ነው።

እሑድ ኮምፒውተሩን ተሸክሜ ሞጣ ወረድሁ። ፊት ለፊቷ ይቅርታ ጠየቅሁ፣ ከዚያ አብረን አጫወትነው፣ ሰውዬው አራተኛውን ድልድይ ጨርሶ ቆመ፣ በቃ፣ ሌላ የለም። የጥጉ ቁጥር ግን ከስድስት ሺህ በላይ ነበር። ስለ ገመዱም ስለ ቁጥሩም ምክንያት ፈልጌአለሁ፣ አሮጌ ኮምፒውተር ብዙ ያደርጋል፣ በድልድዩ ሥር ለሄደው መንገድ ግን እስከ ዛሬ ምክንያት አላገኘሁለትም።

ኮምፒውተሩን እዚያው ተውሁላት፣ እናንየ ሥራዋን ከአምስተኛው ድልድይ ጀመረች። የኔን አራተኛ አልጣለችውም፣ «የአንተ ሰውዬ ቅዳሴ የቆመ ይመስላል፣ ይቆይ» አለችኝ። በየሁለት ቀኑ ትደውልልኝ ጀመር፣ ስድስተኛው አለቀ፣ ሰባተኛው አለቀ፣ ስምንተኛው በድልድዩ ሥር አለቀ። ከዚያ ጠየቀችኝ።

«ዘጠነኛው ላይ ምን አየህ?»

«መብራት ሄደብኝ» ብላት ግማሹ እውነት ይሆን ነበር። አላልሁም። ጃንጥላውን አጥፎ እንደቆመና እንዳልተንቀሳቀሰ ነገርኋት።

«የሚጠብቀው ነገር አለ?»

«እንጃ ልጄ።»

ይህን ካልኋት ሦስት ሳምንት ሆነ። አልደወለችም። ስደውልላት «ቁልፉን አውቀዋለሁ፣ እጄ ግን አይሄድልኝም» ትላለች። ትናንት እኅቴ ደወለች።

«ይህችን ልጅ ምን ብለሃት ነው?»

«እውነቱን።»

«ከጧት ጀምራ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ስክሪኑ ፊት ተቀምጣለች፣ ምሳዋንም አልነካችም። ምን ትጠብቂያለሽ ብላት ‹ሰውዬው ያውቃል› አለችኝ።»

ነገ በመጀመሪያው መኪና ሞጣ እሄዳለሁ። «ያኔ ተሳስቼ ነው፣ ሰውዬው ተሻግሯል» ብላት ምናልባት ትነሣ ይሆናል። ግን አልተሻገረም፣ በዓይኔ አይቻለሁ።