ከዓምዱ ጀርባ የምትስቀው ሴት

«ቅዱስ በርተሎሜዎስ ቆዳው እየተገፈፈ፣ ከዓምዱ ጀርባ ያለችው ሴት ለምን ትስቃለች?» ብለው መምህርት ሎፍሬዶ ጠየቁ።

ተማሪዎቹ ወደ ግድግዳው ሥዕል ተጠጉ። ኤርሜሊንዳ መልሱን አላወቀችም።

በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ያለው የጸሎት ቤት መስኮት ከተደፈነ ቆይቷል። ሥዕሉ የሚታየው ግድግዳው ላይ ያለው ሳጥን አንድ ዩሮ ጎርሶ አምፑሉ ሲበራ ነው፤ ለሁለት ደቂቃ። ሳጥኑ ጋ የቆመችው ኤርሜሊንዳ ነበረች። የመጀመሪያውን ጨምራለች፤ ሁለተኛው ሳንቲም መዳፏ ውስጥ ሞቋል።

ከጀርመን ወደ ናፖሊ ከተመለሰች ሦስት ወሯ ነው። እስካሁን ምሳ አብራት የበላችው ኢማኮላታ ብቻ ናት፤ አንደበቷን የሚይዛት፣ የቤተ ክርስቲያኑ ቁልፍ ያዥ ልጅ። ዛሬ ሥዕሉን የምታስረዳው እሷ ናት። ሳምንቱን ሙሉ ኤርሜሊንዳ ፊት ስትለማመድ ሰንብታለች።

«ሠዓሊው ዓምዶቹን ከእነዚህ ከእውነተኞቹ ጋር አገጣጥሞ ነው የሳላቸው» አለች ኢማኮላታ። «እኛም እዚያው የቆምን እንዲመስለን። ብርሃኑ ደግሞ በግራ ገብቶ ቢ... ቢ... ቢላዋው ላይ...»

«ቢ-ቢ-ቢ! መኪና መጣ፣ ዞር በሉ!» አለች የክፍላቸው ልጅ ፎርቱና። ከዚያ ወደ ኤርሜሊንዳ ጆሮ ጠጋ ብላ አንሾካሾከች፦ «ስሚ ጀርመኗ፣ ሲጠፋ እንዳትጨምሪ። በጨለማ ትንተባተብልን። ቅዳሜ ከእኛ ጋ ባሕር ትሄጃለሽ አይደል?»

ሦስት ወር ሙሉ ማንም የትም ነይ ብሏት አያውቅም።

ሳጥኑ ቀጭ አለ። ቢላዋውም፣ ቅዱሱም፣ ዓምዶቹም ጨለማ ዋጣቸው።

«ኤርሜ?» አለች ኢማኮላታ። ይህን ስም ስትጠራ ተደናቅፋ አታውቅም። «ሳ... ሳ... ሳንቲሙ...»

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ኤርሜሊንዳ ሳንቲሙን ጨበጠች። ሳቀችም፤ ከሁሉም ጎልታ።

መምህርት ሎፍሬዶ የስልካቸውን መብራት ሲያበሩ ብርሃኑ መጀመሪያ ያረፈው ኤርሜሊንዳ ላይ ነው፤ ሳጥኑ አጠገብ ያለውን ዓምድ ተደግፋ፣ አፏ እንደተከፈተ። ኢማኮላታ አየቻት።

ቅዳሜ ጠዋት ፎርቱና «ባቡር ጣቢያው ጋ ነን፣ ቶሎ በይ» ብላ ጻፈች። ኤርሜሊንዳ ስልኳን ኪሷ ከትታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄደች። ያንኑ ሳንቲም ሳጥኑ ውስጥ ጣለችው። ከዓምዱ ጀርባ ያለችው ሴትዮ ጥርሷ እንጂ ዓይኗ አይስቅም። ዓይኗ ቢላዋ የያዘውን ሰውዬ ይከታተላል።

ለኢማኮላታ ጻፈች፦ «ሴትዮዋ ቀጥሎ ተራው የእኔ ነው ብላ ፈርታ ነው የምትስቀው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ሳንቲሙን ሆን ብዬ የያዝኩት እኔ ነኝ። ሰኞ ክፍል ውስጥ ለሁሉም እናገራለሁ።»

መነበቡን የሚያሳየው ምልክት ሰማያዊ ሆነ። አምፑሉ ጠፋ። ኤርሜሊንዳ ስልኳን እያየች በጨለማው ቆመች።

መልስ ያን ቀን አልመጣም። ሰኞ ከተናገረች በኋላም አልመጣም።