ፊት ሳያጨማድዱ የሚጠጣ ወይን

ሮኪና ልቧ ውልቅ ያለው በሁለት ወንዶች ነው። አንዱ የወለዷት አባቷ ካኒዮ፣ ሌላው ልታገባው የምትፈልገው ሳቪኖ። የትኛው ይበልጥ እንደሚያናድዳት ብትጠየቅ ቶሎ አትመልስም።

ነገሩ የጀመረው ሳቪኖ «ልጅዎን ይስጡኝ» ሊል የመጣ ቀን ነው። ከራሱ ማሳ ለቅሞ ራሱ የጠመቀውን አልያኒኮ የሚባል ወይን በጠርሙስ ይዞ ነበር። ካኒዮ ቀመሱለት፤ ፊታቸው እንደ ደረቀ በለስ ተጨማደደ። ይህን ወይን ፊታቸው ሳይጨማደድ የጠጡት ቀን ልጃቸውን እንደሚሰጡት ነገሩት።

ሌላ ሰው ቢሆን ይከራከር ነበር። ሳቪኖ ግን «እሺ፣ ጋሽ ካኒዮ» ብሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በቅዱስ ማርቲን በዓል፣ የመንደራቸው የባሪሌ ሰው ሁሉ ወይን የሚያኖርበትን ዋሻ ከፍቶ በርሜሉን በሚቀምስበት ቀን፣ ከዚያው ወይን አንድ ጠርሙስ ይዞ ይመጣል። ካኒዮ ይቀምሳሉ፣ ፊታቸው ይጨማደዳል፣ ሳቪኖ ባርኔጣውን አንስቶ ይወጣል። አልያኒኮ ደግሞ ሌላው ወይን ሁሉ ተለቅሞ ካለቀ በኋላ በብርድ የሚለቀም፣ ተጠምቆም ለዓመታት አፍ የሚያኮማትር ግትር ወይን ነው። ሮኪና አንዳንዴ ሁለቱም ወንዶች ከሱ የተጠመቁ ይመስላታል።

ዘንድሮ በበዓሉ ዋዜማ ሳቪኖ ማሳ ድረስ ሄደች።

«የነገው የመጨረሻ ነው» አለችው። «አባዬ ነገም ፊታቸውን ካጨማደዱ አንተንም ወይኑንም አልጠብቅም።»

«ለስልሷል እኮ። ባለፈው ወር ቀምሼዋለሁ።»

«አንተ ወይን ስታለሰልስ የኔ ጸጉር ሸበተ፣ ሳቪኖ።»

ቀና ብሎ አያት። ሲያያት ዓይኑን አይሰብርም፤ እሷም ትታው እንዳትሄድ ያደረጋት ይኸው አስተያየቱ ነው። ቆሽቷ እያረረ ተመለሰች።

በማግስቱ ሳቪኖ ጠርሙሱን በካኒዮ ዋሻ ጠረጴዛ ላይ አኖረ። ካኒዮ ቋሊማ ሊቆርጡ ወደ ውስጥ ገቡ። ሮኪና ጊዜ አላጠፋችም፤ የሳቪኖን ወይን ወደ ማሰሮ ገለበጠችና ጠርሙሱን አባቷ ስለ ልስላሴው «ሐር ነው» እያሉ ከሚኮሩበት ከጥጉ በርሜል ሞላችው። ሳቪኖ ሊናገር አፉን ከፈተ። አንዴ ስታፈጥበት መልሶ ዘጋው።

ካኒዮ መጥተው ቀዱ፣ ጠጡ፣ ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ገና ነው» አሉ። «ሁለት ዓመት ይቆይ።»

«አባዬ፣ የጠጡት የራስዎን ነው» አለች ሮኪና። «ሐር ነው ከሚሉት በርሜል።»

ካኒዮ ብርጭቆውን ወደ መብራቱ አንስተው አዩት፤ እንደገና ፉት አሉ። አሁን ፊታቸው አልተጨማደደም።

«እውነቱን ለመናገር፣ ጋሽ ካኒዮ» አለ ሳቪኖ፣ «እሱም ትንሽ ያኮማትራል።»

ሮኪና ማሰሮውን አናቱ ላይ ልትሰብርበት ምንም አልቀራት።

ሽማግሌው ግን አልተቆጡም። አግዳሚው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡና መሬት መሬት እያዩ፣ «ወይኑ አይደለም» አሉ። «እናትሽ ከሞተች ወዲህ እራት የምበላው ካንቺ ጋር ነው። አንቺ ካገባሽ በኋላ ከማን ጋር እበላለሁ ብዬ ነው።»

ሮኪና ለዓመታት ያጠራቀመችው ንዴት በአንድ ጊዜ ከዳት። እንባዋ መጣ፤ ማልቀሷም አናደዳት።

ሳቪኖ ግራ ገባው። «ቤቴ ከርስዎ ደጅ ይታያል እኮ። እራት እኛ ዘንድ ይበላሉ ብዬ ወንበርዎን እንኳ ሠርቻለሁ።»

«መቼ ሠራኸው?» አሉ ካኒዮ።

«የመጀመሪያው ዓመት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቁኝማ።»

አባትና ልጅ አፍጥጠው አዩት። ካኒዮ ማሰሮውን ሳቡና የሳቪኖን ወይን ብርጭቆው እስኪሞላ ቀዱ፤ ሳይተነፍሱ ጨለጡት። ዓይናቸው እስኪጠፋ ድረስ ፊታቸው ተጨማደደ።

«ሐር ነው» አሉ።