ሰባት ቦታ የተከፈለው ቁልፍ

ፍላሹ ካልሲው ውስጥ ነው።

ሙጫ ደረጃውን ቀስ ብሎ ይወርዳል። የቸኮለ ሰው ዓይን ውስጥ ይገባላ! ከላይ የሥራ ጓደኞቹ ሳቅ ይሰማዋል። አንዲት እናት እሹሩሩ እያለች ድምፅዋ ሳግ ሲይዘው ሰምተው ነው የሚንከተከቱት። ምሳ እየበሉ።

«ሙጫ» የስለላ ስሙ ነው። አንዴ ከተለጠፈ አይላቀቅም ተብሎ የወጣለት። ኩባንያው የሚያውቀው ግን እንደ ተራ አዳማጭ ነው። አዳማጭ ምን ይሠራል መሰላችሁ? ኩባንያው ሕፃን አልጋ አጠገብ የምትቀመጥ ነጭ ሳጥን ይሸጣል። ልጁ ሲያለቅስ ሳጥኗ እናትየው ስልክ ላይ ትደውላለች። እሰይ! ግን ሳጥኗ ልጁን ብቻ አይደለም የምትሰማው። ባልና ሚስት ሲጣሉ ትሰማለች። አባትየው ሲያስል ትሰማለች። እዚህ ፎቅ ላይ ደግሞ ጎረምሶች ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ሰክተው ይለቅሙታል። ሳሉ ለኢንሹራንስ ይሸጣል። ጭቅጭቁ ለአከራይ።

ይቀፋል። ሙጫ እቤቱ በገባ ቁጥር ጆሮውን በሳሙና ነው የሚያጥበው።

የባሰውን ልንገራችሁ። እዚያ ቤት ዝም ብሎ የሚያዳምጥ ሰው ይጠረጠራል። የሚታመነው የሚስቅ ነው። ሙጫም ሳቀ። አንዲት ልብስ ሰፊ አለች፣ ልጇ እስኪተኛ የሆዷን ሁሉ የምታወራለት። «ሬዲዮ ጣቢያዋ ጀመረች!» ብሎ ስም ያወጣላት እሱ ነው። ፎቁ በሳቅ ሊፈርስ! አለቃው ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገው። በነጋታው የዋናው ማሽን ክፍል መግቢያ ካርድ ተሰጠው።

ዛሬ ካርዱ ሥራውን ሠራ። ሙጫ ድምፆቹ የሚከፈቱበትን የሚስጥር ቁልፍ ቀይሮ አዲሱን ፍላሹ ላይ ገለበጠው። የኩባንያው አሮጌ ቁልፍ ሞተ፣ የዚያ ሁሉ ቤት ድምፅ ተቆለፈ። የሳጥኗ ተጠቃሚዎች ማህበር አላቸው። ሙጫ የተቆለፈውን ኮፒ ልኮላቸዋል፣ ግን ያለ አዲሱ ቁልፍ ድንጋይ ነው። ዕቅዱ ቁልፉን ሰባት ቦታ ከፍሎ አባላቱ ለመረጧቸው ሰባት ሰዎች ማደል ነው። ሰባቱ አንድ ላይ ካልመጡ አይከፈትም። ማንም ብቻውን ጌታ እንዳይሆን። ከዚያ ሁሉም የራሱን ይሰማል። ይጥፋ ያለው ይጠፋል።

ስልኩ ነዘረ።

«ቦታ ተቀይሯል። መኪና እጥበት።»

አጎት ነው። የሥጋ አጎቱ እንዳይመስላችሁ፤ ማህበሩ የቀጠረው፣ ሙጫን መልምሎ ያሰማራው ሽማግሌ ነው።

የአጎት መኪና ዋሻ የመሰለው ማጠቢያ አፍ ላይ ቆሞ ጠበቀው። ሙጫ ከፊት ገባ። አጎት ሳምቡሳ እየበላ ነው። መኪናው ተንቀሳቀሰ፣ አረፋ መስኮቱን ደፈነው፣ ብሩሾቹ መጮህ ጀመሩ።

«አመጣኸው?»

«አመጣሁ። አሁን ከፍዬ ላድል ነው።»

«ሰባት ቦታ ምን ያንከራትትሃል የኔ ልጅ? ለኔ ስጠኝ።»

«ሙሉውን አንድ ሰው እንዳይዝ ያልከው አንተ አይደለህ እንዴ?»

አጎት ጣቱ ላይ ያለውን ዘይት ላሰ።

ሽቶ ሸተተው።

የሚያውቀው ሽቶ።

ከኋላ ወንበር ላይ ኮት ተገለጠ። አለቃው!

«ሬዲዮ ጣቢያ!» አለ አለቃው እየሳቀ። «ያቺን ቀልድህን እስካሁን ለሰው አወራታለሁ።»

ሙጫ አጎትን አየው። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከዛሬ። ሳይቆለፍ በፊት ምን የምሸጠው ነበረኝ?» አለ አጎት፣ እንደ ቁም ነገር። «ደግሞ ለራስህም አስብ። አዳማጮቹ ክፍልም ይቀዳ ነበር። እያንዳንዱ ቤት ድምፅ ላይ የናንተ ሳቅ ተለጥፏል። ሲከፍቱት ማንን የሚሰሙ ይመስልሃል? እኔን?»

«እኛ ሳቅህን ቆርጠን እናወጣልሃለን» አለ አለቃው። «ንጹሕ ሰው ትሆናለህ። ቁልፉን ብቻ።»

ንጹሕ! አረፋው መስኮቱ ላይ ይወርዳል። የአጎት ጉንጭ ላይ የሳምቡሳ ፍርፋሪ ተጣብቋል። ከሁሉም የቀፈፈው ግን ልቡ ለአፍታ «እሺ በል» ማለቱ ነው።

እጁን ወደ ካልሲው ሰደደ። ሁለቱም አጎነበሱ።

በሩን በረገደው።

ብሩሹ ገባ። ውሃ ገባ። አጎት ጮኸ። አለቃው የሙጫን ጃኬት ጨመደደ።

ጃኬቱ ቀረለት።

ሙጫ በአረፋ ተለውሶ በሌላው ጫፍ ወጣ።

«ሰውዬ!» አለ አጣቢው። «መኪና ነው'ኮ የምናጥበው!»

ኢንተርኔት ቤት ገብቶ ቁልፉን ሰባት ሚሞሪ ላይ ከፋፈለው። ፍላሹን በጫማው ረግጦ ሰባበረው። ሚሞሪዎቹን ሰው ሳያየው፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ለሰባቱ አደረሰ። አጎት ስልኩን ዘግቶ ጠፋ። አለቃው ለደንበኞቹ የሚሸጠው አጣ።

እሁድ ሰባቱ አዳራሽ ውስጥ ተገናኝተው ከፈቱት። ሰው ጢም ብሏል፤ ሁሉም ማዳመጫ አድርጎ የራሱን ቤት ይሰማል። ከማህበሩ ሰዎች ከአጎት በቀር የሙጫን መልክ የሚያውቅ የለም፣ እና ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ባይመጣ ይሻለው ነበር። አላስችል አለው።

ከጎኑ ልብስ ሰፊዋ ናት፤ ከሰው ጋር ስታወራ በድምፅዋ ለያት። ፊቷ ቀስ በቀስ ጠቆረ። ማዳመጫውን አወለቀችና ለሱ ዘረጋችለት።

«ወንድሜ፣ እስቲ ስማልኝ። ለልጄ ሳወራ እንዲህ የሚያሽካካው ማነው?»

ሰማ። የገዛ ሳቁን።

አላውቅም ለማለት ራሱን ነቀነቀ።

«ድምፁን ግን ይዤዋለሁ» አለች ጥርሷን ነክሳ። «አንድ ቀን የሆነ ቦታ ሲያወራ ባገኘው፣ ፊቱ ላይ ነው የምተፋበት።» ከዚያ «አጥፉልኝ!» ብላ ለሰባቱ ጮኸች። ጠፋ። በረጅሙ ተነፈሰች። ወደ ሙጫ ዞር ብላ ፈገግ አለች።

«አንተስ? ያንተን አገኘህ?»

አፉን ከፈተ። ድምፁን እንደምትለየው ትዝ ሲለው መልሶ ዘጋው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለላትና ወጣ።

አውቶቡስ ደረሰ። ተሳፈረ።

«ወዴት ነህ ወንድም?» አለው ትኬት ቆራጩ።

ወደ ፊት በጣቱ አመለከተው።